ለወላጆች፦ ልጆቻችሁ እርድና አመድ ለምን እንደሚጠይቋችሁ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ልጆቻችሁ ከማድ ቤት እርድ፣ ከምድጃ አመድ፣ ከጓሮ ቅጠል እየለቀሙ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ምን እየተሠራ ነው?» ብላችሁናል። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው።

በዚህ መንፈቀ ዓመት ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በሥዕል ክፍለ ጊዜ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ምግብና ስለ አየር ንብረት ለውጥ እየሣሉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣው ሥዕል ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። የተሰነጣጠቀ መሬት፣ የሞተች ላም፣ ከላይ ቀይ ፀሐይ። ይህን ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ጣናን የሣለ አንድም ልጅ አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ዝናቡ ይዘንባል፤ ጣጣው ጊዜውን መሳቱ ነው። ሲጠበቅ ይዘገያል፤ ጤፉ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ደግሞ ዱብ ይላል። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ መምህራኑ ጥያቄውን ቀየሩት። «ዛሬ ጠዋት ምን በላችሁ? ከየትስ መጣ?» አሏቸው።

እንጀራ የሣሉት ከእንጀራው ወደ ዱቄቱ፣ ከዱቄቱ ወደ ማሳው ሄዱ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚጋገረው ጤፍ ብቻ እንዳልሆነ ያወቁት ያኔ ነው። ዳጉሳ አለበት፤ ሩዝ አለበት። የፎገራ ሩዝ በተለይ ብዙ አነጋገረ። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ሩዝ እዚያ የተስፋፋው ከደርግ ዘመን ወዲህ ነው። የልጆቹ ቅድመ አያቶች የማያውቁት እህል ዛሬ የእንጀራቸው አካል ሆኗል። ገበሬ ሲቸግረው እህል እንደሚለውጥ ልጆቹ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው መሶብ አዩት።

ቀረሶ የተባለውን ዓሣ የሣሉት ደግሞ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ጋ ደረሱ። ቀረሶ የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ውኃ ውስጥ ነው። ደንገሉ ለእርሻ ሲመነጠር ዓሣው መጠጊያ ያጣል። ጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራበትም ይኸው ደንገል ነው።

ከሁሉም ያከራከረው ግን ጣናን የወረረው አረም፣ እምቦጭ ነው። መምህሯ ከሐይቁ ዳር ከተነቀለ ክምር አንዱን በባልዲ አምጥታ ነበር። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሣሉት። ያበጠውን አገዳ በምላጭ ቆርጣ ስታሳያቸው ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በአየር የተሞላ። የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ሥሩ ጥቁርና ጸጉራም ነው። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ከላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለችው። አንዷ ተማሪ ታዲያ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ያምራል እኮ! አስቀያሚ አድርገን እንሣለው?» አለች።

መምህሯ የታየሽን ሣይ አለቻት። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አበባው ውብ ነው፤ ሐይቁንም እያነቀው ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ያፋፋዋል፤ ሙቀትም ይመቸዋል። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን የተወለዱት ከዚያ ወዲህ ነው። እምቦጭ የሌለበት ጣና ለእነሱ የሚወራ ታሪክ ነው። በነገራችን ላይ ያ በባልዲ የመጣው ፀሐይ ላይ ደርቆ ተቃጥሏል። እባካችሁ ልጆቹ አበባውን ወድደው ወደ ቤት እንዳያመጡት፣ ውኃ ውስጥም እንዳያስቀምጡት ተቆጣጠሩልን። ከአንዲት ቁራጭ ይራባል።

«ተስፋ» የሚል ፖስተር አናሠራም። ርግብና ቀስተ ደመና ይሣላል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ በቃ። ይልቅ ጣና ውስጥ የገባውን ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌን ሣሉ አልናቸው። በዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ደኑ ቆሟል። ቡናውም ከዛፎቹ ጥላ ሥር ይለቀማል። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል፣ ምዝገባ ግን ችግኝ አያጠጣም። ዘጌን ያቆየው ሰው ለብዙ ዘመን የጠበቀው ሕግ ነው።

እርዱም የመጣው ከዚያው ነው። በዘጌው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ጨርቅ የተሣሉትን ሥዕሎች ያዩ ልጆች «ያኔ ቀለም ከየት ይገዛ ነበር?» ብለው ጠየቁ። እኛም ከአፈርና ከቅጠል ቀለም እንሥራ አልን። ቀይ ሥር ሲቀቡት ደማቅ ነው፣ ቆይቶ ወደ ቡናማ ያደላል። ከሰልና ቡና እንደ ጉድ ይሠራሉ። እርድ ላይ የአመድ ውኃ ጠብ ሲደረግ ደግሞ ቢጫው ዓይናችሁ እያየ ይቀላል። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። የኬሚስትሪ መምህራችን ከጎረቤት ክፍል መጥተው ምክንያቱን አስረዱ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ሒሳብ እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?» ያላችሁ ነበራችሁ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አልተነካም። ስምንተኛ ክፍሎችም ለፈተናቸው እንደ ወትሮው እየተዘጋጁ ነው። ደግሞ አንድን ቅጠል ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት የቻለ ልጅ ጥያቄም ረጋ ብሎ ያነባል ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ቀለም አትግዙ። አያት ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ቤት ካለ ልጁ ቁጭ ብሎ እንዲጠይቅ ጊዜ ስጡት፦ ልጅ እያላችሁ ምን ትለቅሙ ነበር? ዶቅማ፣ አጋም፣ ሾላ፣ ዋንዛ፤ የት ይገኝ ነበር? ዛሬ እዚያ ቦታ ምን አለ? መልሱ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ይሣል። ቤት ውስጥ ዘር ካለ አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስሙን ጽፋችሁ ላኩ። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን ምንም እንዳይቀነጥሱ።

ሌላው ደግሞ፣ እባካችሁ አትሣሉላቸው። ባለፈው የመጣ አንድ የዋንዛ ሥዕል እጅግ ያምር ነበር። የአባትየው እጅ መሆኑ ግን ከሩቅ ያስታውቃል።

ሥዕሎቹ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ይታያሉ። ቡና እናፈላለን። ቆሎና ዳቦ ማምጣት ለምትፈልጉ ደስ ይለናል፤ በላስቲክ ሳይሆን በሰፌድ ይሁን። ቅዳሜ ገበያ ያለባችሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎራ ማለት ትችላላችሁ፤ ዘበኛው ይከፍትላችኋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርእሰ መምህር