የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራ፦ ድፍርሱን ውኃ ስናጠልል

ዘንድሮ ክበባችን በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ አልሠራም። ቅር ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ፤ ድፍርስ ውኃ ላይ ማፍጠጥ ለተመልካች አይማርክምና አልፈርድባቸውም።

የተነሣነው ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ለምን ቶሎ እንደማይጠልል ከመጠየቅ ነው። የሸክላ አፈርና የሴራሚክ ስባሪ በሙቀጫ ወቅጠን፣ በናይለን ካልሲ ነፍተን በሃይላንድ በጠበጥን። ሻካራው ወዲያው ዘቀጠ፤ የላመው ተንሳፎ ቀረ። ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የመዝቀጥ ፍጥነት የሚጨምረው በቅንጣቱ ዲያሜትር ካሬ ልክ ነው። 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነች የአፈር ቅንጣት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 5 ደቂቃ አይሞላባትም፤ ዐሥር ጊዜ የምታንሰው ግን 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ውኃ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቅንጣት በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ያው ጭቃ ከቀዝቃዛዋ ደሴ ይልቅ ሞቅ በምትለው ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ይጠልላል። (ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ተማሪያችን ይህን እንደ ድል ቆጥሮ ሰሞኑን ሁሉ ሲያወራው ነበር።)

ክርክሩ የጦፈው በጨው ነው። አንድ ዓይነት የሸክላ ብጥብጥ ለሁለት ከፍለን፣ በአንዱ የገበታ ጨው፣ በሌላው የአፈር ላቦራቶሪዎች ቅንጣቶችን ለመነጣጠል የሚጠቀሙበትን ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ጨመርን። ባለጨው እንደ አይብ ተቋጥሮ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጠለለ፤ ተጨበጨበለት። ሌላው በማግስቱም ድፍርስ ነበር።

ሰንብተን ጠርሙሶቹን ስናጋድም ግን የጨው ዝቃጭ ከፍ ብሎ የተከመረ፣ ልል፣ ነካ ሲያደርጉት የሚፈስ ሆነ። የሌላው ስስ ነው፤ በማንኪያ እንኳ በግድ ተፋቀ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለች። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ።

የሸክላ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ኔጌቲቭ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ስለሚይዙ ይገፋፋሉ። የጨው አየኖች (ጨው ሲሟሟ የሚለያዩት ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ግፊያውን ያዳክሙታል፤ ያኔ ተጣብቀው በመካከላቸው ውኃ እንደያዙ በጓል በጓል ይወርዳሉ። እየተገፋፉ የሚወርዱት ግን አንድ በአንድ ቀዳዳ ፈልገው ይጠጋጋሉ። ሸክላ በቅርጽ ማውጫ ለሚያፈስ ሰው ግፊያው ይጠቅመዋል፤ በትንሽ ውኃ ብቻ የሚፈስ ጭቃ ያገኛል። ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የሸክላ ሽፋን) የሚቀባ ባለሙያ ግን ባልዲው ሥር ድንጋይ እንዳይጋገርበት ሆን ብሎ የኤፕሰም ጨው (ማግኒዥየም ሰልፌት) ጠብ ያደርጋል። አሸናፊው እንደ ሥራው ነው።

በወላጆች ቀን ሁለቱን ጠርሙሶች አሳይተናል። የዝቃጩን ከፍታ የለካነው በማርከር ጭረትና በማስመሪያ ነው፤ ለመጪው ዓመት አስተዳደሩ የመለኪያ ሲሊንደሮች እንዲገዛልን ጠይቀናል።