ማይኩ ለሁሉም ልጅ ይድረስ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ፣ ሰሞኑን ቤቴ የገባውን ጭንቀት ልጽፍላችሁ ነው።

ልጄ ቤት ውስጥ ወሬ ከጀመረች ማንም አያስቆማትም፣ ቡና ላይ አክስቶቿን በሳቅ ነው የምትገድላቸው። ባለፈው ግን ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን አቅርቢ ተብላ ወጣች፣ ወረቀቱ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዛ ሁሉም ሳቁ፣ አስተማሪውም ፈገግ ብሎ «በቃ ተቀመጪ» አላት። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች።

እኔን ያናደደኝ «ኮንፊደንስ የላትም» መባሉ ነው። ማን አለማመዳት? እንግዳ ሲመጣ ልጆቹን ወደ ጓዳ እንላለን፣ ሲናገሩ «ትልቅ ሰው ፊት ዝም በሉ» እንላለን፣ 15 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ 60 ተማሪ ፊት ያውም በሰው ቋንቋ ቁሙና ተናገሩ! በላ ልበልሃ እያለ ዛፍ ስር ይሟገት የነበረ ሕዝብ ልጆች ናቸው እኮ። ጃንሆይስ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ፈረንሳይኛ እየቻሉ በአማርኛ አይደል የተናገሩት? የጣልያን ጋዜጠኞች ሲያፏጩባቸው ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ፣ አፏጮቹ ከአዳራሹ እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ ንግግራቸውን አሰሙ። ይሄን ለልጄ ስነግራት ለካ ሲስቁብኝ ዝም ብዬ መቆም እችል ነበር አለችኝ።

ከዛ ማታ ማታ ልምምድ ጀመርን። ሁሉንም መሸምደድ ተወች፣ አንድ ቃል ሲጠፋት ሌላውም አብሮ ስለሚጠፋባት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በቃሏ ያዘች፣ ወረቀቱንም እጇ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ በአማርኛ ለእናቷ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት ልጆች፣ እንግሊዝኛው በስተመጨረሻ ነው የመጣው። ልቧ አሁንም ይመታል፣ ግን ሲመታ እንደድሮው አትደነግጥም።

ርዕሰ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሚኒ ሚዲያ ላይ ሁሌ የምንሰማው እነዛኑ ሦስት አራት ድምፃቸው ያማረ ልጆች ነው፣ እባካችሁ ማይኩ በተራ ለሁሉም ይድረስ፣ ሁለት ደቂቃም ብትሆን፣ በአማርኛም ቢሆን፣ የሚስቅ ካለ ደግሞ መምህሩ ቀድሞ ዝም ያሰኝ። ልጄ ስሟን አስመዝግባለች፣ እስካሁን ተራ አልደረሳትም፣ እየጠበቀች ነው።

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ