ለሞተ ውሻም ቦታ ይፈለግለት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቤት እንስሳ ሲሞት ስለሚሰማ ሐዘን ያወጣችሁት ጽሑፍ «ሌላ ቡችላ አምጡ» ይላል። ለእኔ አልተዋጠልኝም። 12 ዓመት በር ላይ የተቀበለችን ውሻችን ከሞተች ወር ሆናት። ልጄ ዛሬም የእንጀራ ቁራሽ ከሳህኑ ጠርዝ ያስቀርላታል። «ውሻ እኮ ናት» ሲሉት ዝም ይላል እንጂ ሐዘኑ አይወጣለትም፤ አልቅሶ አልቀበራትማ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ የምንቆፍረው መሬት የለንም። በድኗ በማዳበሪያ ከረጢት ቆሻሻ ገንዳ ገባ። የባዘኑ ውሾች የሚጎትቱት በድን ደግሞ ለሰፈሩ ጤናም ጠንቅ ነው።

ፓሪስ አጠገብ አኒየር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1899 የተከፈተ የእንስሳት መቃብር አለ። እኛ ሐውልት አልጠየቅንም። የከተማው አስተዳደር በየክፍለ ከተማው አንድ የታጠረ ቁራሽ መሬት ይለይ፤ የእንስሳት ክሊኒኮችም በመጠነኛ ክፍያ ያስቀብሩ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ