ከስተርሊንግ ሞተር ይልቅ የጠቀመን ሙቀት ቆጣቢው ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እሳታቸው ከሲሊንደሩ ውጭ ስለሚነድ ሞተሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1816 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን ሞተር ጸሐፊው በሚገባ ገልጸውታል፤ የሰነዱ ዋና ጉዳይ የነበረውን ሙቀት ቆጣቢ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። እኔ በስቶክሆልም የመኖሪያ ቤቶችን አየር ማናፈሻ የምጠግን ቴክኒሺያን ነኝና፣ ያ የታለፈው ነገር በየቀኑ በእጄ የማገላብጠው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሰነዱ ርእስ ራሱ የሚጀምረው የማገዶ ፍጆታን ከመቀነስ ነው፤ ሞተሩ የሚጠቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። በስተርሊንግ ሞተር ውስጥ የታሸገው አየር በጋለው ጫፍ ሲሰፋ ፒስተኑን ይገፋል፣ በቀዘቀዘው ጫፍ ደግሞ ይሰበሰባል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያልፈው በስስ ብረቶች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ሲሆን (ሙቀት ቆጣቢው ይህ ነው)፣ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲሄድ ሙቀቱን ለብረቱ አደራ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ሲመለስም አደራውን ተቀብሎ ይመለሳል፤ በዚህም እሳቱ አየሩን በየዙሩ እንደ አዲስ ከማሞቅ ይድናል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ካርኖ ስለ እሳት ኃይል የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው ከዚህ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1824 ነው። ሙቀት ምን እንደሆነ ገና ክርክር ላይ በነበረበት ዘመን አንድ ወጣት ቄስ ይህን ማሰቡ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ሞተሩ ግን የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም። ስተርሊንግ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር በ1843 በዳንዲ ከተማ ሥራ ላይ ያዋለው ትልቁ ሞተር የፋብሪካውን ማሽኖች ጥቂት ዓመታት ካንቀሳቀሰ በኋላ፣ በእሳቱ በኩል ያለው ብረት ግለቱን መቋቋም ስላቃተው በእንፋሎት ተተካ። ሙቀት ቆጣቢው በአንጻሩ ሌላ ቤት አገኘ። ስዊድናዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ዩንግስትሮም በ1920 ገደማ ለቦይለሮች፣ ማለትም ውሃ አፍልተው እንፋሎት ለሚያመነጩ ትላልቅ ምድጃዎች፣ የሠራው የአየር ማሞቂያ፣ ግማሹ በሚወጣው ትኩስ ጭስ፣ ግማሹ ወደ እሳቱ በሚገባው ንጹሕ አየር ውስጥ ሆኖ በዝግታ የሚሽከረከር ትልቅ ጎማ ነው፤ ከጭሱ የተቀበለውን ሙቀት ዞሮ ለንጹሑ አየር ያስረክባል። ዛሬ በብዙ የስዊድን ቤቶች የአየር ማናፈሻ ውስጥ ያለው ሮተር የሚባል ተሽከርካሪ ጎማ የዚሁ ትንሽ ወንድም ሲሆን፣ በጭሱ ፋንታ የሚወጣው ሰው የተነፈሰው የክፍል አየር ነው።

የሚያስገኘውን ጥቅም በቁጥር ላሳይ። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ ቤቱ 21 ዲግሪ ቢሆን፣ ከሚባክነው ሙቀት 80 በመቶውን የሚመልስ ሮተር የሚገባውን አየር ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ማሞቂያው የሚሸፍነው የቀረችውን ስድስት ዲግሪ ብቻ ነው።

ወደዚህ ደብዳቤ የገፋኝ ባለፈው ክረምት ያየሁት ነገር ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ መኝታ ቤት ጥግ በሻጋታ ጠቁሮ፣ የመስኮቱ መስታወት በላብ ርሶ አገኘሁት። ቀና ብዬ ሳይ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በታጠፈ ፎጣ ተወትፎ በፕላስተር ተለጥፏል። የቤቱ እናት፣ «ልጄ፣ ብርዱ በዚያ እየገባ ልጆቹን እንዳያሳምምብኝ ነው» አሉኝ። የመሣሪያውን ክዳን ከፍቼ ፊልተሩን ሳወጣው፣ ነጭ የነበረው ጨርቅ የማድቤት ጣሪያ መስሏል። አዲስ ፊልተር ቀየርኩ፣ ፎጣውን አነሣሁና «እማማ፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉ» አልኳቸው። መዳፋቸውን ከቀዳዳው ሥር ለረጅም ጊዜ ያዙ፤ ከዚያም ውጭ በረዶ እየጣለ አየሩ እንዴት እንዳልቀዘቀዘ ጠየቁኝ። ጎማው ሲዞር አሳየኋቸው። ያንን መሣሪያ በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም፤ የቤቱ አከራይ የሰጣቸው መመሪያ በስዊድንኛ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ በዚህም በጣም አዘንኩ።

እንጀራ የሚጋገርበትና ወጥ የሚሠራበት ቤት ብዙ እንፋሎት ያመነጫል፤ ቀዳዳው ሲደፈን ያ እንፋሎት ግድግዳ ላይ ከማረፍ በቀር መሄጃ የለውም። ሮተር ሽታንም በጥቂቱ ሊመልስ ስለሚችል የምድጃው ጭስ መውጫ ለብቻው መሆን አለበት። የቡና ከሰል ግን በቤት ውስጥ ፈጽሞ መቀጣጠል የለበትም፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ይህ መሣሪያ ከዚያ አያድንም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በሚቀጥለው እትሙ የሮተሩን አሠራር በሥዕል አስደግፎ እንዲያወጣልን፣ ፊልተሩም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንደሚቀየርና ተከራይም ይህን አከራዩን መጠየቅ እንደሚገባው እንዲያሳስብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥዕሉንና ማብራሪያውን በነጻ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የአየር ማናፈሻ ቴክኒሺያን፣ ከስቶክሆልም