ስድብ የሚቆረጠው ስቱዲዮ ውስጥ እንጂ ቢሮ ውስጥ አይደለም

ለጋዜጣችሁ ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልን። ስድብና ብልግና ያለበት ዘፈን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ወይስ ይታገድ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰው ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ «ሳንሱር ይመለስ» ይላል፤ ሌላው «ማንም አይንካው» ይላል። በመሃል የሚረሳው፣ ቃሉ ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ አድማጭ ጆሮ እስኪገባ የሚያልፍባቸው እጆች መኖራቸው ነው፦ አቀናባሪው፣ ሚክስ የሚያደርገው (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ የሚያዋህደው) ባለሙያ፣ የጣቢያው ቴክኒሻን፣ የስልክ መስመሩን የያዘው ሰው። ስድቡ መቆረጥ ያለበት በእነዚህ እጆች ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ አንባቢ ቢያውቀው ክርክሩም ፈር ይይዛል ብለን ስላመንን ይህን ጻፍን።

ስለ ሕጉ ብዙ አንልም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም የቅድሚያ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ለወጣቶች ደህንነትና ለሰው ክብር ሲባል በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችልም ይናገራል። እንግዲህ ማንም መሥሪያ ቤት «ግጥሙን አምጣና ልየው» ማለት አይችልም፤ ያስተላለፈው ጣቢያ ግን ስላስተላለፈው ይጠየቃል። በደርግ ዘመን ግጥም ለመርማሪ ይቀርብ እንደነበር የማያስታውስ የሙያው ሰው የለም። መርማሪው አብዝቶ የሚያሳድደው ስድብን ሳይሆን የፖለቲካ ሽሙጥን ነበር። ያንን ወንበር ለስድብ ብሎ የሚመልሰው ሰው፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ነገ ምን እንደሚቆርጥ ሊወስንለት አይችልም።

ወደ ሥራው እንግባ። ዘፈንን ለሬዲዮ የሚሆን አድርጎ ማውጣት እጅግ የሚቀለው ገና ሚክስ ሲደረግ ነው። ዘፋኙ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ያችን አንዲት ስንኝ በሌላ ቃል ደግሞ ይዝፈናት። በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ቀን። ከሦስት ወር በኋላ ተጠርቶ ቢመጣ ድምፁም ክፍሉም ስለሚለያይ የተለጠፈ መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። ከዚያ ባለሙያው አራት ፋይል ያውጣ፦ ሙሉው ዘፈን፣ ለሬዲዮ የተስተካከለው፣ የዘፋኙ ድምፅ የሌለበት ሙዚቃ ብቻውን፣ የዘፋኙ ድምፅ ብቻውን። አራቱም ከአንድ መነሻ ይጀምሩ፣ እኩል ይርዘሙ። አንዱ በግማሽ ሰከንድ እንኳ ቀድሞ ቢጀምር፣ በኋላ ሊገጥማቸው የተቀመጠ ሰው ሰዓታት ይፈጅበታል። ይህ በሚክሱ ቀን ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጣቢያ የሚደርሰው አንድ የተጨመቀ ፋይል ብቻ ስለሆነ ችግሩ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ሙዚቃው ብቻውን ከተገኘ፣ ቃሉ ያለባትን ቦታ ከዘፈኑ ቆርጦ በዚያው ቦታ ሙዚቃውን መተካት ነው። መጋጠሚያው ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ማለሳለሻ ካልተደረገ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ የሚብሰው ግን ማስተጋቢያው ነው። ዛሬ ማስተጋቢያ ያልተጨመረበት ዘፈን እምብዛም አይገኝም። በደቂቃ 90 ምት ያለው ዘፈን ላይ በአንድ ምት ልክ የተሰካ ማስተጋቢያ፣ ቃሉን ከ0.67 ሰከንድ በኋላ ይደግመዋል። ስለዚህ ባለሙያው ድምፁን ያጠፋው ማስተጋቢያው ከገባ በኋላ ከሆነ፣ ዋናው ቃል ይጠፋና ማሚቶው በባዶ ሜዳ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። መጥፋት ያለበት ድምፁ ወደ ማስተጋቢያው ከመላኩ በፊት ነው። ከጀርባ የሚቀበሉት ተቀባዮችና በድርብ የተቀዳው ድምፅም ያንኑ ቃል ስለሚሉ ሁሉም መስመር በየተራ መሰማት አለበት።

ሙዚቃው ብቻውን ካልተገኘ ደግሞ የቀኙን ድምፅ ከግራው መቀነስ የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ይጠፋል። ነገር ግን ቤዙና ከበሮውም መሃል ላይ ናቸውና አብረው ይጠፋሉ፤ ዘፈኑ ለአፍታ ጉልበቱ የከዳው ይመስላል። ወፍራሙን ድምፅ ሳይነኩ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ማጥፋት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። አሁን ድምፅና ሙዚቃን የሚለያዩ ሶፍትዌሮች መጥተዋል፤ ጥሩ ናቸው፣ ሆኖም የቃሉን ጥላ ይተዋሉ። ቃሉ ያለበትን ቦታ የአንዱን ጎን የድምፅ ሞገድ ብቻ መገልበጥ (ከፍታውን ዝቅታ፣ ዝቅታውን ከፍታ ማድረግ) ግን ጨርሶ አይበጅም፦ ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ ላይ ቃሉ ይጠፋል፣ በሄድፎን ለሚያዳምጠው ደግሞ ከነሙሉ ክብሩ ይሰማል። የተስተካከለ ዘፈን በሁለቱም መንገድ ተሰምቶ ነው መለቀቅ ያለበት።

አሁን ወደ «ቢፕ» እንምጣ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው እሱን ነውና። የተለመደው የ1000 ኸርዝ ድምፅ ነው። ብዙ ጣቢያ ከንግግሩ አስጩሆ ይለቀዋል፤ ከንግግሩ 6 ዲሲብል ያህል ዝቅ ቢል ጆሮ አይወጋም። ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ዋረን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአንድ ቃል ውስጥ ያለችን አንዲት ድምፅ ቆርጦ አወጣና በምትኳ ሳል አስገባ። አድማጮቹ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ቃሉን ሙሉ ሆኖ ሰሙት። አንጎል የጎደለውን ራሱ ይሞላል። በምትኩ ዝምታ ሲገባ ግን የጎደለው ነገር እንዳለ ያስተውላል። በአጭር ቢፕ መሃሉ ብቻ የተሸፈነ ስድብ አድማጩ ዘንድ ሲደርስ ሙሉ ነው ማለት ነው።

አማርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቃሎቻችን በጥቂት ተነባቢዎች የቆሙ ናቸው። ሻል ያለውን ስድብ «ደደብ»ን እንውሰድ። መሃሉን ሸፍኑና «ደ…ብ» ይቀራል፤ ቀጥሎ «ነህ» ወይም «ነሽ» ይመጣል፣ ስድቡ ለማን እንደሆነም ተነገረ። ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይጨርሰዋል። ስለዚህ በአማርኛ የሚሸፈነው ሙሉው ቃል ነው፣ ከመጀመሪያዋ ተነባቢ ጀምሮ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስንኙን መለወጥ ነው። ቤት የሚመታ ሌላ ቃል ማግኘት ለኛ ገጣሚዎች አያንስም፤ ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ቅኔውን ግን እንተወው። ወርቁ ውስጥ የተደበቀውን ነገር ማንም በማሽን ሊቆርጠው አይችልም፣ መቁረጥም የለበትም።

የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ኮምፒውተር ራሱ ይቁረጥ የሚሉ አሉ። አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። «አህያ» በተረት ውስጥ እንስሳ ነው፣ ሰው ላይ ሲነገር ስድብ ነው። ማሽኑ የልጆችን ተረት ይቆርጥና ስድቡን በሌላ ቃል ያሳልፋል። ስክሪን ላይ በጽሑፍ ለሚያልፍ መልእክትም ቢሆን፣ «አ» በ«ዐ»፣ «ህ» በ«ሕ» ወይም በ«ኅ» ሊጻፍ ስለሚችል ይህች አንዲት ቃል ብቻ 6 መልክ አላት። የ፣ ለ፣ በ፣ ው፣ ዎች ሲጨመርባት ደግሞ ቁጥሯ ይበዛል። የሰው ጆሮ ያስፈልጋል።

ይህ የሰው ጆሮ በብዛት የሚጎድለው የውጭ ዘፈን ላይ ነው። በአማርኛ ቢሆን አንድም ጣቢያ የማያስተላልፈው ስድብ፣ በእንግሊዝኛ ራፕ ውስጥ ሲሆን ረፋድ ላይ ታክሲ ውስጥ ይሰማል። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ይገባቸዋል። ዘፈኖቹ አብዛኞቹ ለሬዲዮ የተስተካከለ ቅጂ አላቸው፤ የማሰራጫ መተግበሪያዎችም ስድብ ያለበትን በእንግሊዝኛው «E» ፊደል ምልክት ይለዩታል። ከዩቲዩብ የተገለበጠ ፋይል ግን ምልክቱን ይዞ አይመጣም። «የተስተካከለ» የተባለውም አንዱን ቃል አጥፍቶ ሌላውን የሚተው አለ። ወደ ጣቢያው ማኅደር ከመግባቱ በፊት ግጥሙን ፊቱ ዘርግቶ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሰው ይመደብ። የ4 ደቂቃ ዘፈን 4 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ዘፈን እንዲያውም ቀላሉ ነው። ከባዱ የቀጥታ ስልክ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የደዋዩ ስድብ፣ በተለይ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካው፣ አንዴ አየር ላይ ከዋለ የአቅራቢው ይቅርታ አይመልሰውም። መፍትሔው ድሮም የታወቀ ነው፦ ማዘግያ፣ ማለትም ስርጭቱን በጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ። በቴፕ ዘመን አንዱ ማሽን እየቀዳ ሌላው ያጫውት ነበር። ቴፑ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ በሁለቱ መሃል 133 ሴንቲ ሜትር ቴፕ ቢዘረጋ 7 ሰከንድ ይገኛል። ዛሬ ይህን የምትሠራ ሳጥን ከሚክሰሩ መውጫ እና ከማሰራጫው መሃል ትቀመጣለች። ስድብ ሲሰማ ቴክኒሻኑ ቁልፉን ይጫናል፤ የተጠራቀመው 7 ሰከንድ ተጥሎ ስርጭቱ ወደ አሁን ይዘላል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ መጠባበቂያው ባዶ ነው። ሳጥኗ ንግግሩን በማይታወቅ መጠን እያዘገመች ትሞላዋለች፤ በ5 በመቶ ብታዘግም 7 ሰከንዱን መልሳ ለማግኘት 140 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዚያ መሃል ሌላ ተሳዳቢ ከደወለ መከላከያ የለም። ስለዚህ 14 ሰከንድ ይዞ በአንድ ጊዜ ግማሹን ብቻ መጣል ይሻላል፤ ወይም ሳጥኗ እስክትሞላ ድረስ አቅራቢው ስልክ አይቀበል። ደዋዩ ሬዲዮውን ካልዘጋ የራሱን ድምፅ ከ7 ሰከንድ በኋላ እየሰማ ይደናገራል፤ «ሬዲዮዎን ይዝጉልን» የሚባለው ለዚህ ጭምር ነው። አቅራቢው በሄድፎን የሚሰማውም ከማዘግያው በፊት ያለውን ድምፅ መሆን አለበት። የሰዓት ድምፅ ደግሞ 7 ሰከንድ ዘግይቶ እንዳይወጣ አስቀድሞ ይለቀቃል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስቱዲዮው ውስጥ ያለችው የፌስቡክ ወይም የዩቲዩብ ካሜራ ድምፅ የምትወስደው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ከሚክሰሩ፣ ማለትም ከማዘግያው በፊት ነው። ኤፍኤሙ ላይ ስድቡ ተቆርጦ፣ በኢንተርኔቱ ላይ ሙሉው ይለቀቃል፤ የሚቆራረጥና የሚዛመተውም ይኸኛው ነው። የማኅደር ቅጂውም እንዲሁ ከማዘግያው በፊት ከተቀዳ፣ በማግስቱ ድጋሚ ሲተላለፍ ትናንት የተጣለው ስድብ ዛሬ ይሰማል። ሁለቱም ገመዶች ከማዘግያው በኋላ መሰካት አለባቸው። ጣቢያዎች ይህን ገመድ ዛሬውኑ ይፈትሹልን።

የሰዓት ገደብስ? በአሜሪካ ነገሩ የተቆረጠው በፓሲፊካ ጉዳይ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የፓሲፊካ ድርጅት የሆነ አንድ የኒውዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ የኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊንን ብልግና የበዛበት ንግግር ከሰዓት በኋላ አስተላለፈ፣ ከልጁ ጋር በመኪና ሲሄድ የሰማ አባት ለስርጭት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 እ.ኤ.አ. በ5 ለ4 ድምፅ ለተቆጣጣሪው ፈረደ። አሁን እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ገደቡ ይላላል፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ለኛ ግን ብቻውን አይበቃም። በሳተላይትና በኢንተርኔት የምናስተላልፈው ፕሮግራም አዲስ አበባ ላይ ከማታው 4 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ገና ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ የወገኖቻችን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ጊዜ። እዚህም ቢሆን አንድ ክፍል ውስጥ ወላጅና ልጅ አብረው በሚያድሩበት ቤት ሰዓቱ ልጁን አይጠብቀውም።

የምንጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ምን እንደሚቆርጥና ምን እንደማይቆርጥ በአንድ ገጽ ጽፎ ለአድማጩም ለዘፋኙም ይፋ ያድርግ። የቀጥታ ስልክ ያለ ማዘግያ አይከፈት። የሙዚቃ ማኅበራት አባሎቻቸው አራቱን ፋይል የማውጣት ልማድ እንዲይዙ ያስተምሩ። በተቆረጠ ቁጥር ደግሞ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የዘፈኑ ርእስ፣ የወጣው ቃል፣ ያዘዘው ሰው ስምና ምክንያቱ በመዝገብ ይስፈር፤ ዘፋኙ «ዘፈኔን ማን ነካው?» ብሎ ሲመጣ መዝገቡ ይገለጥለት።

ከአክብሮት ጋር፣
በሬዲዮና በሙዚቃ ድምፅ ቅንብር ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ