ሳትለኩ የጨመራችሁት ዱቄት ኮራሎቼን ጎዳ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለአኳሪየም እንክብካቤ ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን የተሰጠኝን አገልግሎት ይመለከታል

ካዛንቺስ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለኝ። ኮራሎቹን፣ ማለትም ድንጋያማ አጥንት የሚሠሩትን የባሕር እንስሳት፣ ከአውራ ጣት ከማይበልጥ ቁራጭ ጀምሬ ነው ሦስት ዓመት ያሳደግኋቸው። እናንተ ላለፉት ስምንት ወራት በየወሩ እየመጣችሁ ውኃውን ስትንከባከቡ ቆይታችኋል።

የዚያን ቅዳሜ የመጣው ልጅ አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ ለክቶ 6.5 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) አገኘ። ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። የባሕር ውኃ ራሱ 7 ገደማ ነው፤ እኔ ከ8 እስከ 9 እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው። ካልሲየሙን ግን አልለካም። ማግኒዥየሙንም አልለካም። የአልካሊኒቲ ማሳደጊያውን ዱቄት በጥብጦ በአንዴ ደፋው። ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ የካልሲየሙን እዚያው ላይ ደገመው። ዓይኔ እያየ ውኃው ወተት መሰለ።

ለምን እንደሆነ ሙያችሁ ነውና ታውቁታላችሁ። ሁለቱ በብዛት አንድ ላይ ሲገናኙ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናሉ፤ የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ያው ነገር። ኮራሉ አጥንቱን ሊገነባበት የሚገባው ሁሉ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን የሚከላከለው ማግኒዥየም ነው። እሑድ ጠዋት ራሴ ስለካው በሊትር 1,100 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በባሕር ውኃ ውስጥ ግን ወደ 1,300 ይጠጋል። ካልሲየሙ ያ ሁሉ ተጨምሮበት 350 ላይ ነው። አልካሊኒቲው 11 ደርሷል። በቀን ከ1 በላይ ከፍ ማለት የሌለበት ነገር በአንድ ሌሊት 4.5 ዘለለ።

ዝቃጩ ፓምፑን ስለያዘው የውኃው እንቅስቃሴ ደከመ። ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ያንሳል። እዚህ ፓምፕ ከደከመ ጊዜ የለም። መጠባበቂያ የአየር ፓምፕ ተክዬ አብሬያቸው አነጋሁ። ዓሦቹ ተረፉልኝ። አክሮፖራ የሚባሉት ሦስት ቅርንጫፋማ ኮራሎች ግን ከጫፋቸው ጀምሮ ቆዳቸው ተላጦ ነጭ አጥንት ብቻ ቀሩ።

ሰኞ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ይበልጥ አሳዘነኝ። «ኮራል እኮ ስስ ነው፣ አንዳንዴ ይሞታል» ተባልኩ። ለባለሙያ የምከፍለው ስስ ስለሆነ ነው!

ልጁን አልወቅስም። ትሑት ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። ቦርሳው ውስጥ የነበረው መመርመሪያ የአልካሊኒቲው ብቻ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል። ያለ መሣሪያ የላካችሁት እናንተ ናችሁ። ከዚህ በፊትም ተንኖ የጎደለውን ውኃ በጨው ውኃ ሞልታችሁልኝ ነበር። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለም፤ ጨዋማነቱ፣ ከንጹሕ ውኃ ክብደት ጋር ተነጻጽሮ ሲለካ፣ ከ1.025 ወደ 1.028 ወጣ። ያኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ስለዚህ የጥቅምት ወር ክፍያዬ እንዲመለስልኝ፣ ለሞቱት ሦስት ኮራሎችም ምትክ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ፓምፑንና ማሞቂያውን የሸፈነውን ነጭ ቅርፊት መጥታችሁ አጽዱልኝ። ማግኒዥየሙ በቅድሚያ፣ በቀናት ተከፋፍሎ ይስተካከል። የሌላው ተራ ከዚያ በኋላ ነው። በየጉብኝቱ የተለካውም የተጨመረውም ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይሰጠኝ።

እስከ ሚቀጥለው ሐሙስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ። የምትልኩት ሰው አራቱንም መመርመሪያዎች ይዞ ይምጣ፤ የካልሲየም፣ የማግኒዥየም፣ የአልካሊኒቲና የጨዋማነት። ሳይለካ ምንም ዱቄት እንዲከፈት አልፈቅድም።

ከሰላምታ ጋር
የካዛንቺሷ ደንበኛችሁ