ጭራቁ ወንድም ሲሆን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ በዛሬ ከተሞች ውስጥ ጭራቅና መናፍስት የሚርመሰመሱባቸውን ልብ ወለዶችና ተከታታይ ፊልሞች «የልጆች ማስፈራሪያ» ብሎ በአንድ መስመር ማለፉ ቅር ስላሰኘኝ ይህን አስተያየት ለመላክ ተገድጃለሁ። ጸሐፊው ጭራቁን ብቻ አይተው ጭራቁን የሚያሳድዱት ሰዎች ዝምድና፣ በተለይም የወንድማማቾች ነገር፣ ያመለጣቸው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 በ15 ምዕራፎችና በ327 ክፍሎች የታየውን «ሱፐርናቹራል» የተሰኘ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ለአብነት ልጥቀስ። ዲንና ሳም የተባሉ ወንድማማቾች በአሮጌ መኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ እርኩሳን መናፍስትን ያሳድዳሉ። ሆኖም ሳም ገና የስድስት ወር ሕፃን ሳለ የጋኔን ደም በአፉ ጠብ ብሎበታል፤ አባታቸውም ከመሞቱ በፊት ለታላቅየው በጆሮው የተናዘዘለት፣ ወንድሙን ማዳን ካቃተው በገዛ እጁ እንዲገድለው ነው። ዲን ግን ኑዛዜውን መፈጸም ቀርቶ፣ ሳም በሞተ ጊዜ የራሱን ነፍስ ለጋኔን ሸጦ አስነሣው። ፊልሙ በኋለኞቹ ምዕራፎች ይህንኑ እየደጋገመ ማሰልቸቱን ባልክድም፣ ለወንድም ሲባል ነፍስን እስከ መሸጥ መድረስ ከየትኛውም ጥርስና ጥፍር ይልቅ የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

የጎንደር ሰው ለእንዲህ ያለው ታሪክ እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ ዙፋን እንዳይሻሟቸው ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ወህኒ አምባ ላይ ያስጠብቁ ነበር። ታላቁ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1706 በተገደሉ ጊዜ ግን ደማቸውን የመለሱት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው አምባ ወርደው የነገሡት ወንድማቸው ቴዎፍሎስ ናቸው። ፍርሃትና ፍቅር በአንድ ማኅፀን ልጆች መካከል እንዲህ ሲጋጠሙ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሌላ ምን ይፈልጋል?

አስቸጋሪው ጭራቁን ከየት እናምጣው የሚለው ጥያቄ ነው። ወጣት ጸሐፍት ቫምፓየር ሲዋሱ አያለሁ፤ በደጃችን ያለው ግን ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል የሚባለው ቡዳ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስም በአካባቢያችን ሲለጠፍ የኖረው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በወለቃ ይኖሩ በነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። ማረሻችንን የሠራልን፣ ምጣዳችንን ያበጀችልን ሰው «ሰው በላ» እየተባለ ተፈርቷል፣ ተገልሏል። ስለዚህ ቡዳን እንደ አውሬ የሚያሳድድ ጀግና የሚጽፍ ሰው፣ ሳያስበው የአያቶቻችንን በደል በአዲስ ሽፋን ያሳትመዋል።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው፣ በእኔ ግምት፣ ያው የወንድም ነገር ነው። የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚል የቆየ ወሬ አለ። እንግዲህ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አንገረብ ወንዝ ዳር መብራቱ ውስጥ ጅብ ይገባበታል እንበል፤ ጆሮው ላይ ያለችውም ጉትቻ ታናሽ ወንድሙ ጆሮውን በተበሳ ጊዜ ከእናታቸው ተደብቀው የገዟት ናት። ነገ የሰፈሩ ሰው ዱላ ይዞ ሲወጣ ይህ ልጅ ምን ይላል? ወይስ ያየው ሁሉ፣ ሰፈሩ በወንድሙ ላይ ሲያወራ የከረመው ወሬ በዓይኑ ላይ የሣለበት ነው? እንዲህ ያለ ታሪክ አንባቢውን ከሹፌሩ ጋር ያስጨንቀዋል እንጂ ከአሳዳጆቹ ጋር ዱላ አያስይዘውም።

ዓምዳችሁ አልፎ አልፎ ግማሽ ገጽ እንኳ ለእንዲህ ዓይነት አጫጭር ልብ ወለዶች ቢለቅ፣ ከዚህ ከጎንደር የሚልክ ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጎንደር